እንዲፈታ አድርጎ ማሸግ

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በቴክኒክ ሙያ ላይ ያለን ሰዎች በምንገናኝበት የቅዳሜ ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ሲጻፍ ጥቂት አሳጥሬዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ የተነሱት ጥያቄዎች ግን እንዳሉ ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ። ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ስለ ጀልባ ላውራችሁ ብሎ ሲነሳ ለምን እንደምትስቁ ይገባኛል። ባለቤቴም መጀመሪያ ስነግራት ስቃ ነበር። ሳቋ የቆመው የመጀመሪያው የወደብ ኪራይ ሲመጣ ነው።

ጀልባዋ እ.ኤ.አ. በ1976 የተሠራች፣ 27 ጫማ የምትረዝም ባለ ሸራ ናት። የምትቆመው ከአናፖሊስ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ትንሽ ወደብ ነው፤ ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ ርካሽ ነው፤ እንዲያውም ብቻ ውሰዱልኝ የሚል አይጠፋም። ምክንያቱም ፋይበርግላስ፣ ያ በሙጫ የተያዘ የመስታወት ክር፣ አልሞት ይላል። ፒርሰን ትራይተን የምትባለው 28 ጫማ ተኩል ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1959 በኒው ዮርክ የጀልባ ትርኢት ላይ ቀርባ ከሰባት መቶ በላይ ተሠርታለች፤ ከነዚያ ውስጥ ዛሬም ሸራ የሚሰቅሉ አሉ። ቀፎው፣ ማለትም የጀልባዋ አካል፣ ባለቤቱን ይቀብራል። ቀድሞ የሚሞተው ብረቱ ነው፤ የሚሞተውም በማይታይበት በኩል ነው።

ድንኳን ተክላችሁ ታውቃላችሁ። መሃል ላይ ምሰሶ ይቆማል፣ አውታሩ በየአቅጣጫው ይወጠራል፣ አውታሩን መሬት ላይ ካስማ ይይዘዋል። ካስማው ከተነቀለ ምሰሶው የቱንም ያህል ቢወፍር ድንኳኑ ሠርገኛው ላይ ነው። የሸራ ጀልባም ከዚህ የተለየ ምስጢር የላትም። ምሰሶዋ አልሙኒየም ነው። አውታሮቿ ከ19 ሽቦ የተገመዱ የብረት ገመዶች ናቸው። ካስማዋ ደግሞ ቼንፕሌት የሚባል የብረት ላሜራ ነው። ቼን ሰንሰለት ማለት አይደል? በድሮዎቹ መርከቦች አውታሩን ከመርከቡ ጎን ጋር የሚያያይዘው ሰንሰለት ስለነበረ ነው፤ ሰንሰለቱ ሄደ፣ ስሙ ቀረ።

የኔዋ በየጎኗ ሦስት ሦስት፣ ከኋላ አንድ ቼንፕሌት አላት። አውታሩ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለመበጠስ ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ ጉተታ ይፈልጋል። አንድ ኮሮላ ብታንጠለጥሉበት ይሸከማል። ንፋሱ ጀልባዋን ሲያዘነብላት ያ ሁሉ ጭነት የሚያርፈው የመዳፍ ስፋት በሌላት ላሜራ ላይ ነው። ላሜራዋ ዴኩን በጠባብ ስንጥቅ አልፋ ወደ ውስጥ ትገባና ከእንጨት ግድግዳ ጋር በቡሎን ትታሰራለች። ዴክ የምለው፣ ከላይ ስትቆሙበት ወለል፣ ከውስጥ ተኝታችሁ ስታዩት ጣሪያ የሚሆነውን ነው። ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር በማትሞላ ውፍረት።

አይዝጌ ብረትን በስሙ አምነነዋል። እንግሊዛዊው ሃሪ ብሪርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 በሼፊልድ ከተማ ክሮሚየም የበዛበት ብረት አቅልጦ አልዝግ ሲለው ይኸው እስከ ዛሬ ማንኪያችንም ድስታችንም እሱ ሆነ። ግን ብረቱ አለመዛጉ በራሱ አይደለም። ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ያገኝና ላዩ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ቆዳ ያበጃል። ቆዳው ቢቧጨር መልሶ ይበቅላል፣ ኦክስጅን እስካለ ድረስ። አሁን ያንን ብረት ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ከቱትና ጨዋማ ውሃ አስተኙበት። ውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያልቃል፣ ከጨው የሚመጣው ክሎራይድ ይከማቻል፣ ውሃው ራሱ እየቆየ አሲድ ይሆናል። ቆዳው ይነሳል፤ መተኪያ የለውም። ብረቱ ከዚያ ወዲያ ወደ ውስጥ ይበላል። ፀሐይና ንፋስ የሚያገኘው የላይኛው ክፍል ግን እንደ ሙሽራ ያብረቀርቃል።

እኛስ ምን እናደርጋለን? ውሃ እንዳይገባ ብለን ስንጥቁን በማሸጊያ እንደፍናለን። ማሸጊያው አንድ ጥግ ላይ ሲላቀቅ ውሃ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም፣ አየርም አይገባለትም። ለማዳን ብለን ያፈንነው እኛው ነን።

እኔ ነገሩን ያወቅኩት በሻይ ነው። ዝናብ በዘነበ ማግስት ከውስጥ፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ፣ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቡናማ መስመር በግድግዳው ወርዶ አየሁ። ቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ጣሪያ የሚያፈሰው ውሃው ጠብ ካለበት ቦታ አይደለም። ወራጁን ይዞ ሄዶ ሄዶ ነው ሌላ ቦታ አልጋ ላይ የሚወድቀው። ስለዚህ ሻዩን ተከትዬ ወደ ላይ ወጣሁ፣ ቼንፕሌቱ ላይ ደረስኩ። የቀድሞው ባለቤት ዙሪያውን በነጭ ፖሊዩሬቴን፣ ከደረቀ በቀላሉ በማይላቀቅ ማሸጊያ ሙጫ፣ አሽጎታል፤ አሮጌው ላይ አዲስ፣ አዲሱ ላይ ሌላ አዲስ፣ እንደ ተደራረበ የጥርስ ሳሙና። ከላይ ለሚያየው የተንከባከበ ሰው ሥራ ነው።

ምሰሶውን ሳያወርዱ ቼንፕሌት መቀየር ይቻላል፤ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ፣ ንፋስ በሌለበት ቀን። ሸራ መስቀያው ገመድ ምሰሶው ጫፍ ስለሚደርስ እሱን ወደ ጎን ስቤ ጠርዝ ላይ አስሬ አጠበቅኩት፤ ጊዜያዊ አውታር ሆነ። ከዚያ የእውነተኛውን አውታር መወጠሪያ ስንት ዙር እንደፈታሁ እየቆጠርኩ ዴኩ ላይ በእርሳስ ጻፍኩ። ይህን ሳይጽፍ የፈታ ሰው ምሰሶው ሲጣመምበት ያለቅሳል።

ከውስጥ አራት ቡሎን አለ። ቁም ሳጥን የምታክል ጉድጓድ ውስጥ ታጥፌ፣ ባትሪ በጥርሴ ይዤ፣ ሦስቱ በቺያቤ እሺ አሉ። አራተኛው ዳዶ፣ የቡሎኑ ማጥበቂያ፣ ሩብ ዙር ሄደና ቀጭ አለ። ቡሎኑ ተቆርጧል። ጉልበቴ ነው ብዬ ትንሽ ኮራሁ። ሳወጣው ግን አንገቱ ላይ፣ እንጨቱና ላሜራው በሚገናኙበት፣ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ሾሏል። ጭንቅላቱም ዳዶውም አዲስ ይመስላሉ።

ቡሎኖቹ ወጥተውም ላሜራው አልወጣም። ፖሊዩሬቴን ጥሩ ነገር ነው፤ ቀፎን ከታችኛው ክብደት ጋር ለዘላለም ለማጣበቅ። ጥፋቱ የሙጫው ሳይሆን የቦታው ነው። ግማሽ ቀን በሙቅ አየርና በምላጭ ሳንገራግር ውዬ፣ መጨረሻ ላይ ከዴኩ ቀለም የእጄን መዳፍ የሚያክል ቅርፊት ይዞልኝ ወጣ።

ይህን በደንብ ስሙኝ። ላሜራው እጄ ላይ ሲመጣ ደህና ነበር። ሁለት ቡናማ ነጥብ፣ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ፣ ሌላ ምንም። አጥቤ መልሼ ልሰካው ምንም አልቀረኝም። ግን በጋራዥ የቴስታታ፣ የሞተር ራስ፣ ስንጥቅ የምንፈልግበትን ቀይ ቀለም ታውቁታላችሁ፤ ቤት ነበረኝ። ላሜራውን በደንብ አጽድቼ ቀዩን ነፋሁበት፣ ሩብ ሰዓት ተውኩት፣ ጠረግኩት፣ ነጩን ዱቄት ነፋሁበት። ነጩ ላይ ቀስ እያለ አንድ ቀይ ክር ወጣ። ከአንዱ ነጥብ ወደ ጠርዙ፣ ፀጉር የመሰለ። ከዚያ ሌላ ክር። ሦስተኛው ሲወጣ ወንበር ፈለግኩ።

ሞርሳ ላይ አሰርኩትና በመዶሻ መታሁት። አይዝጌ ብረት ሲመታ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም፤ ይህንን አንድ ሺህ ጊዜ አጥፌያለሁ። ይህ ግን በሁለተኛው ምት እንደ ደረቅ ቂጣ ለሁለት ሆነ። ስብራቱን ተመልከቱ፣ ፎቶው ስክሪኑ ላይ አለ። ከወርዱ ሁለት ሦስተኛው ጥቁር ነው፤ ድሮ የተሰነጠቀ፣ ስንት ዓመት ውሃ ሲጠጣ የኖረ። የሚያብረቀርቀው አዲስ ስብራት ይቺ ጫፍ ብቻ ናት። ባለፈው ጥቅምት ልጆቼን ይዤ፣ ጀልባዋ አዘንብላ፣ በባሕረ ሰላጤው ድልድይ፣ በቤይ ብሪጅ፣ ሥር ሳልፍ ምሰሶውን ይዞት የነበረው ይቺ ናት።

ሌሎቹን አምስት የጎን ቼንፕሌቶች ከዚያ በኋላ መመርመር አላስፈለገኝም። ሁሉም ይቀየሩ አልኩ።

ምን ዓይነት ብረት ይሁን? በጋራዥ ቋንቋ ላሳጥረው። 304 የሚባለው የአይዝጌ ብረት ዓይነት የወጥ ቤቱ ነው። 316 ከሁለት እስከ ሦስት በመቶ ሞሊብዲነም ስላለበት ጨውን ይበልጥ ይችላል፤ ይችላል እንጂ ከታፈነ እሱም ይሞታል። ብሮንዝ እንዲህ ያለ በሽታ አያውቀውም፤ ግን ለስላሳ ስለሆነ ወፈር ተደርጎ መሠራት አለበት። ቲታኒየም በባሕር ውሃ ንቅንቅ አይልም፤ ኪስ ይነካል እንጂ። እኔ 316 መረጥኩ። የመረጥኩት የተሻለ ስለሆነ ሳይሆን በየጥቂት ዓመቱ ፈትቼ እንደማየው ስለወሰንኩ ነው። አልፈታም ለሚል ሰው ቲታኒየም ይግዛ እላለሁ።

ስህተቴንም ልንገራችሁ። የድሮው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ነበረው። እኔ እንደ ሐበሻ አናጢ፣ ወፈር ይበልልኝ፣ 6 ሚሊ ተኩል አድርጉልኝ ብዬ አዘዝኩ። ቆንጆ ሆኖ መጣ። ወስጄ ስሞክረው የመወጠሪያው መንታ ጆሮ በላዩ አልገባ አለ። የዴኩ ስንጥቅም አላሳልፍ አለው። ስድስቱም እንደገና ተሠሩ፤ ወፋፍራሞቹ ዛሬ ጋራዤ ውስጥ የመደርደሪያ መደገፊያ ናቸው። ሁለተኛ ጊዜ ሳዝ ውፍረት መለኪያ ካሊብሮ ይዤ ነው የሄድኩት። ደግሞ እንደ መስተዋት ይወልወሉ አልኩ። ለውበት አይደለም፤ የተቧጨረ ብረት ጨው ይይዛል፣ ጉድጓዱም የሚጀምረው ከጭረቱ ነው።

አሁን ወደ ዴኩ እንመለስ። ብዙ ሰው ላሜራውን ቀይሮ እዚህ ላይ ይቸኩላል።

የዴኩ ውስጥ ድፍን ፋይበርግላስ አይደለም። ላይና ታች ስስ ፋይበርግላስ አለ፣ መሃሉ ባልሳ የሚባል እንጨት ነው። ባልሳ ከኢኳዶር የሚመጣ፣ ሲይዙት እጅ ላይ ምንም ያለ የማይመስል ቀላል እንጨት ነው። ሁለቱን ቆዳዎች አራርቆ ስለሚይዝ ዴኩ ሳይከብድ ይጠነክራል። ደረቅ ሲሆን ማለቴ ነው። ስንጥቁ ውስጥ ካቻቢቴ ሰድጄ ብፈነቅለው የቡና አተላ ወጣ። ቀለሙም እርጥበቱም ሽታውም አተላ። ምስማር አጠፍኩና መሰርሰሪያው ትራፓኖ ላይ አሰርኩት፤ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ሲሽከረከር ቆዳዎቹን ሳይነካ መሃሉን ይጠርጋል። ነጭ ደረቅ ባልሳ እስኪወጣ ድረስ፣ በአንዳንዱ ሁለት ጣት፣ በአንዱ ደግሞ እስከ ክርናችሁ ወርድ ድረስ ተጠረገ።

የጠረግኩትን በኢፖክሲ፣ ተበጥብጦ በሚደርቅ ሙጫ፣ ሞላሁት። መጀመሪያ ቀጭኑን፣ ውሃ የመሰለውን፣ እንጨቱ እስኪጠጣ ቀባሁ። ከዚያ የሲሊካ ዱቄት ጨምሬ እንደ ገንፎ አጠነከርኩት፤ ማንኪያው ሲገለበጥ የማይወርድ ገንፎ። እዚህም ላይ አንድ ጣሳ ሙሉ በአንድ ጊዜ በጥብጬ ስሮጥ እጄ ላይ ጨሰ። ኢፖክሲ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ በጠባብ ጣሳ ብዙ ሆኖ ሲቀመጥ ሙቀቱ ራሱን ያፋጥነዋል። ጥቂት ጥቂት፣ ሰፋ ባለ ዕቃ ላይ። ሲደርቅ ስንጥቁን መልሼ በልኩ ቆረጥኩ። አሁን ማሸጊያው ነገ ቢያፈስ እንኳ ውሃው የሚያገኘው ኢፖክሲ እንጂ ባልሳ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ማሸጊያው ነው። እኔ የተጠቀምኩት ቡቲል ነው፤ በጥቅል የሚሸጥ፣ የማይደርቅ፣ ሰም የመሰለ ላስቲክ። እንደ ጧፍ በመዳፍ መካከል አንከባልዬ በላሜራው ዙሪያ ጠመጠምኩት። ከዚያ በፊት ግን የስንጥቁን የላይ ጠርዝ በሞረድ ወደ ውስጥ አዘነበልኩት፣ አንገትጌ እንዲመስል። ለምን? ቼንፕሌት ይንቀሳቀሳል። ጀልባዋ ባዘነበለች ቁጥር ፀጉር ታህል ይሳባል፣ ይመለሳል። ማሸጊያው ስስ ከሆነ ያንን አይችልም፤ ይላቀቃል። አንገትጌው ውስጥ ወፍሮ የተቀመጠ ቡቲል ግን አብሮ ይለጠጣል። በላዩ ሽፋን ላሜራዋን አስቀምጬ አጠበቅኩ። ቡሎን ባለበት ቦታ ሁሉ ቡሎኑን በካቻቢቴ ይዛችሁ ዳዶውን ብቻ አዙሩ። ቡሎኑ ከዞረ ዙሪያውን የያዘውን ቡቲል ቆርጦ ይዞት ይዞራል፣ ያንኑ ቀዳዳ መልሳችሁ ከፈታችሁት ማለት ነው። ደግሞ በአንድ ቀን አይጠበቅም። ዛሬ ትንሽ፣ ፀሐይ ሲመታው ነገ ትንሽ፣ በሳምንቱ ትንሽ። ቡቲሉ ቀስ እያለ በጠርዙ ይወጣል፣ የወጣውን በጣት ይላጡታል።

ለሙከራ ታናሿን ልጄን ከውስጥ በየቼንፕሌቱ ሥር የመጸዳጃ ወረቀት አስለጥፌ፣ እኔ ከላይ በጎማ ውሃ ለቀቅኩ። መጀመሪያ ዝቅ ያለውን ቦታ፣ ኋላ ከፍ ያለውን፤ ከላይ ከተጀመረ የቱ እንዳፈሰሰ አይለይም። አንድ ጠብታ ወረቀት ላይ ሲወድቅ ከነቦታው ይታያል። አምስቱ ደረቅ ነበሩ። ስድስተኛው ላይ «አባዬ፣ ረጠበ!» አለች። ሽፋኑን አነሳሁት፣ ቡቲሉን ላጥኩት፣ ደግሜ ጠመጠምኩት። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ግማሽ ቀን በምላጭ ያዋለኝ ያ ነጭ ሙጫ ትዝ አለኝ።

ጥያቄዎች።

አንድ ጋሼ፣ በምጽዋ የባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገሉ፣ ተነስተው «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ምን አደከመህ፤ የላሜራውን ስንጥቅ ብታስበይደውስ?» አሉኝ።

ጋሼ፣ እውነት ነው፣ ሐበሻ ያላስበየደው ነገር የለም። አይዝጌ ብረት ግን በብየዳ ሙቀት ከ450 እስከ 850 ዲግሪ መሃል ሲቆይ ክሮሚየሙ ከካርቦን ጋር ይያያዝና በብየዳው ዳርና ዳር ያለው ብረት ክሮሚየም ያጥረዋል። ማለትም ቆዳ ማብቀያውን ያጣል። ካርቦኑ የቀነሰ፣ 316 ኤል የሚባል አለ፣ እሱ ለብየዳ ይሆናል። ግን የኔው ስንጥቅ አንድ አልነበረም፤ አንዱን በይጄ የማላየው ሌላው ምሰሶውን ይጥልብኛል። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «በኛ ጊዜ የእንጨት ጀልባዎቹ ላይ ላሜራው ከውጭ በጎኑ ነበር የሚታሰረው» አሉ። ትክክል ናቸው፤ ዛሬም ከውጭ የሚታሰርባቸው ጀልባዎች አሉ። መልካቸውን የማይወድ ብዙ ነው፣ እኔ ግን እቀናባቸዋለሁ። አየር ያገኛል፣ ዓይን ያየዋል።

አንዲት እህታችን «ሲሊኮንስ? ለመታጠቢያ ቤት የምንጠቀመው» ስትል ጠየቀች።

ለዴክ አልመክርም። ለመላቀቅ ቀላል ነው፣ ሲላቀቅ ግን ስስ ቅባት ትቶ ይሄዳል፤ በዚያ ላይ ቀለምም ኢፖክሲም አይዝም፣ ሌላ ማሸጊያም አይጣበቅም። ቡቲል የማይወድ ፖሊሰልፋይድ ይጠቀም፤ ይደርቃል፣ ግን ይለጠጣል፣ ሲፈልጉትም ይቆረጣል። ፕላስቲክ መስኮት ላይ ግን እንዳታደርጉት፣ ይበላዋል።

«በየስንት ጊዜው ትፈታዋለህ?» ለሚለው፤ ከውስጥ በባትሪ በየወሩ አያለሁ፣ ሻይ ካየሁ በዚያው ሳምንት። ሻይ ባላይም በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ሁሉንም አውጥቼ ቀዩን ቀለም እነፋባቸዋለሁ። አውታሮቹ ራሳቸው ግን ከ10 እስከ 15 ዓመት ሲሞላቸው እንዲቀየሩ የሚጠይቁ ኢንሹራንሶች ብዙ ናቸው።

የኋላዋ፣ ሰባተኛዋ ቼንፕሌት ገና አልተፈታችም። የምትገኘው የአንድ ሰው ትከሻ በማያስገባ ጉድጓድ ውስጥ ነው። አንድ ሰው ከላይ ካቻቢቴ ይዞ ቡሎኑን ይይዛል፣ አንድ ቀጭን ሰው ከታች ገብቶ ዳዶውን ያዞራል። የሚመጣው ቅዳሜ ንፋስ የለም ይላሉ። ምሳ በኔ ነው፤ ቀጭን የሆናችሁ ስትወጡ በሩ ላይ አግኙኝ።